አማቴና የሚታጠፈው ሊጥ

መጀመሪያ የመጣው ማስነጠስ ነበር። አማቴ እማማ ዘይነባ ማለዳ ሊጥ ሊዳምጡ ሲቀመጡ ያስነጥሳቸዋል፤ ዓይናቸው ያለቅሳል፤ ቀትር ላይ ይተዋቸዋል። ጉንፋን ነው አልን። ከዚያ ደረቅ ሳል ተከተለ። ውሎ አድሮ ደረታቸው ውስጥ እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ መጣ።

እኔ ሙኒራ ያን ጊዜ የልጃቸው የከድር አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። ከጨለለቅቱ ወደ ዲላ የመጣሁት በደርግ ዘመን፣ ነጋዴ ሁሉ በአሻጥረኛነት በሚታይበት ጊዜ ነው። ከድር ትንሽ ሱቅ ነበረው። እማማ ደግሞ ልጅ ሳሉ አዲስ አበባ አንድ የአርመን ቤት ተቀጥረው የተማሩትን ኬክ እቤት እየጋገሩ ለሠርግና ለበዓል ይሸጡ ነበር። ፉርኖ ዱቄት በውሃና በጨው ይለወሳል፤ ለጋ ቅቤ መሐሉ ተደርጎ ይታጠፋል፣ ይዳመጣል፤ ቅቤው እንዳይቀልጥ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ያርፋል፤ እንደገና ይታጠፋል። ሲጋገር ስስ ስስ ሆኖ ተነባብሮ ይነሣል። ሊጡ እንዳይጣበቅ በየእጥፋቱ ዱቄት ይነሰነሳል። ዱቄት እንደ ልብ አይገኝም ነበርና፣ ጎረቤት አይቶ "ደብቀዋል" ብሎ ለቀበሌ እንዳይናገር መስኮቱን ዘግተን፣ በሩን በመጋረጃ ሸፍነን ነው የምንሠራው። ትእዛዙ የእማማ ነው። ሰው አያምኑም ነበር።

ሕመሙ ሲጠና እኔንም አላመኑም።

ጤና ጣቢያ ብሮንካይትስ ተብለው ፔኒሲሊን ተወጉ። ለውጥ የለም። ይርጋጨፌ ሴት ልጃቸው ሲቲና ዘንድ ሄደው ሰነበቱ፤ እዚያ ሳላቸው ጠፍቶ፣ ፊታቸው ወዝ ይዞ ተመለሱ። ሊጥ በጀመሩ ማግሥት ደረታቸው እንደገና ማፏጨት ጀመረ። ሲቲና ይህን ሰምታ መጣች፤ እኔ እየሰማሁ ለከድር እንዲህ አለችው፦

"እኔ ቤት ደህና ነበረች። እዚህ ቤት የተጨመረ ነገር ቢኖር አንድ ሰው ነው።"

ከድር የሱቁን ቁልፍ አንሥቶ ወጣ። ከእሷ ንግግር ይልቅ የእሱ መውጣት አመመኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ እማማ ከእጄ መቅመስ ተዉ። ሻይ ሳቀርብ "አስቀምጪው" ይላሉ፤ ስመለስ እንዳለ ቀዝቅዞ አገኘዋለሁ። ሾርባ ሳመጣ "መጀመሪያ አንቺ ቅመሺ" ይላሉ። እቀምሳለሁ። አንድ ቀን ከገበያ ስገባ ሲቲና ሳጥኔን ከፍታ የጸጉር ቅባቴን እያሸተተች ደረስኩባት። እኔም መጠርጠር ጀመርኩ። ከቤት ሊያስወጡኝ የሚያስመስሉ እየመሰለኝ፣ እማማ ሲያስሉ ፊታቸውን እከታተል ነበር። ከንፈራቸው ጠቁሮ ሳይ ግን ማስመሰል እንዳልሆነ ገባኝ። ፈራሁ።

በመጨረሻ ከድር "ነገሩ እስኪበርድ አባትሽ ዘንድ ቆዪ" አለኝ። ጨለለቅቱ ሄድኩ።

እኔ በሌለሁበት የሠርግ ትእዛዝ መጣ። እማማ በተዘጋው ክፍል ብቻቸውን ሊጥ ሲዳምጡ ዋሉ። ከሰዓት በኋላ ወደቁ። ትንፋሽ አጠራቸው። መናገር አቃታቸው። ጥፍራቸው ሰማያዊ ሆነ። ከድር ተሸክሞ ሆስፒታል አደረሳቸው። ኦክስጅን ተደረገላቸው። ትንፋሽ የሚከፍት መድኃኒት፣ አሚኖፊሊን፣ በደም ሥር ተሰጣቸው። ተረፉ።

በማግሥቱ ከድር ጨለለቅቱ መጣ። መሬት መሬት እያየ፣ "አንቺ ሳትኖሪም ታመመች" አለኝ። "ሐኪሙ የቤቱን ሥራ የሚያውቅ ሰው አምጣ ብሎኛል። እኔ ሱቅ ነው የምውለው።" አልሄድም ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። የእማማ ጥፍር ሰማያዊ መሆኑን ሲነግረኝ ነጠላዬን አነሣሁ።

ሐኪሙ ወጣት ነው። እማማ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ማስነጠሱን፣ ይርጋጨፌን፣ እጥፋቱን፣ ሁሉንም በቅደም ተከተል ነገርኩት።

"የምትሠሩበት ክፍል መስኮት አለው?" አለኝ።

"አለው። ግን ይዘጋል።"

"ለምን?"

እማማን አየሁ። የመለሱት እርሳቸው ናቸው። "ሰው እንዳያየን።"

"አስም ነው" አላቸው። "የሚቀሰቅሰው የዱቄቱ ብናኝ ነው። ዳቦ ቢበሉ አይጎዳዎትም፤ የሚጎዳዎት የሚተነፍሱት ነው።"

እማማ በጣታቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። "እሷስ ለምን አልታመመችም?"

"ሰውነት ይለያያል፣ እናቴ። እርስዎ ደግሞ ብዙ ዓመት ምገውታል። አሁን ቤትዎ ይግቡ። እሷ የሠራችውን ይብሉ። ሊጡን ብቻ ይተዉና እናያለን።"

ቤት ከገባን በኋላ ግድግዳውንና ጣራውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግን፣ መስኮቱን ከፈትን፣ እማማም ሐኪሙ ያዘዘላቸውን የሳልቡታሞል ክኒን እየዋጡ፣ መጀመሪያ በጥርጣሬ ኋላም በርሃብ፣ ያቀረብኩላቸውን መብላት ጀመሩ። ቀስ በቀስ ፉጨቱ ቀነሰ፤ መጀመሪያ እስከ በሩ፣ ቀጥሎ እስከ መስጊዱ፣ በኋላም ገበያ ድረስ ሳይቆሙ መሄድ ቻሉ። ሊጡን እኔ ተረከብኩ፤ ዱቄቱን ከፍ አድርጌ መንፋት ትቼ፣ አፌን በሻሽ ሸፍኜ፣ ጠረጴዛው ላይ ዱቄት በመነስነስ ፈንታ ዘይት እየቀባሁ እሠራለሁ። እማማ ከግቢው አቮካዶ ሥር ተቀምጠው፣ የተጋገረውን ሳመጣላቸው ሰብረው ያዩና "ቅቤሽ ቀልጦብሻል፤ አላሳረፍሽውም" ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ሲቲና ስለ ሳጥኔ እስከ ዛሬ አንሥታ አታውቅም።

አስም ያለበት ሰው የምታስታምሙ፣ ሕመሙ የት ቦታ፣ በምን ሥራ ላይ እንደሚነሣና የት ሲሄድ እንደሚተው አስተውሉና ለሐኪም ንገሩ፤ እማማ ይርጋጨፌ ሄደው መዳናቸው እኛ ቤት ሰው ተወነጀለበት፤ ለሐኪሙ ግን መልሱ ነበር። ፉጨት ስትሰሙ ከንፈር እስኪጠቁር አትጠብቁ። መድኃኒቱንም ተሻለኝ ብሎ በገዛ ፈቃድ ማቋረጥ አይገባም። የታመመው ሰው እናንተኑ ቢጠረጥር ደግሞ ትንፋሽ ያጣ ሰው ፍርሃቱን የሚያሳርፍበት እንደሚፈልግ እወቁለት። ቀላል ነው አልልም፤ እኔ አልቅሼበታለሁ።

ያን ሐኪም አመሰግነዋለሁ፤ ማንንም ሳይወቅስ ስለ መስኮት ጠየቀ። እማማንም አመሰግናለሁ። ለክትትል በሄድን ጊዜ ሲቲና አብራቸው ልትገባ ስትነሣ፣ እጇን ያዝ አድርገው እንዲህ አሏት፦

"አንቺ እዚህ ቆዪ። ሙኒራ ትግባ፤ ሕመሜን የምታውቀው እሷ ናት።"