ያልተነካው ፎቶ

ይህችን ሴት አውቃታለሁ ብሎ አፍ ሞልቶ መናገር ይከብዳል። ፎቶ ቤቱ ውስጥ ከኋላ በኩል፣ ከማተሚያው ማሽን አጠገብ፣ ኮምፒውተር ፊት ነው የምትቀመጠው፤ ደንበኛ የሚያየው ጀርባዋን ብቻ ነው። አለቃዋ «እትዬ በልኩ» ይላታል፤ እሷም በዚያው ተጠርታ ያደገች ይመስል አቤት ትላለች።

ስራዋ የደበዘዘ ፎቶ ነፍስ እንዲዘራ ማድረግ ነው። ኮንትራስቱን፣ የብርሃንና የጥላውን ልዩነት፣ ፎቶው ላይ በሙሉ አትለቀውም። ጉንጩን ለብቻ፣ ቅንድቡን ለብቻ፣ የሸሚዙን እጥፋት ለብቻ እየያዘች ብርሃኑን ከጥላው ቀስ አድርጋ ትለያለች። ሲበዛ ጭንቅላት ዙሪያ ነጭ ቀለበት ይወጣና ሰውየው ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል። ስለዚህ ስትጨርስ ተነስታ እስከ በሩ ትሄዳለች። ከዚያ ስታየው «ተነካክቷል» የሚያሰኝ ከሆነ፣ የጨመረችውን ግማሹን ትቀንሳለች።

«እህቴ፣ ይሄን መጨማደድ ሙልጭ አርጊልኝ» አለቻት አንድ ቀን የሙሽራ እናት።

«ፊት እኮ ሰሃን አይደለም፣ የኔ እመቤት!»

«ደንበኛ አባራሪ!» አለ አለቃዋ እየሳቀ።

አንድ ልጇ ለስራ ሩቅ አገር ከሄደች ሦስት ዓመት ሆናት። በየሳምንቱ ፎቶ ትልካለች፤ ግን በስልኳ ፊልተር የተወለወለ፣ እንደተላጠ እንቁላል የለሰለሰ። እናት የጓጓችው ለሌላ ነው። ልጇ ትተኛ እንደሁ፣ ትበላ እንደሁ፣ ከዓይኗ ስር ልታነብ። በምሳ ሰዓት ፎቶውን ከፍታ ጥላውን ለማውጣት ትታገላለች። ስንቱን ፊት ያወጣ እጅ እዚህ ላይ ሰነፈ። የደበዘዘ ሌላ፣ የተጠረገ ሌላ፤ ከሌለ ጥላ ምን ይወጣል?

«ቅንድቧ ላይ ያለችው ጠባሳ እንኳ ጠፍታለች» አለችው ለአለቃዋ። «በአራት ዓመቷ ከአልጋ ወድቃ ያተረፈቻት።»

«ታዲያ ያልተነካውን ላኪልኝ አትያትም?»

«ይከፋታል ብዬ እንጂ…»

«እንዲህ ከምትብሰለሰዪ ይክፋት!»

ጻፈችላት። ልጅቷ ሁለት ሳምንት ድምጿን አጠፋች። በሦስተኛው ፎቶው መጣ። ጠባሳዋ ቦታዋ ላይ ነች። ዓይኗ ግን ጎድጉዷል፣ ስሩ ጠቁሯል፣ ጉንጯ አጥንት አውጥቷል። የእናት እጅ ሳታዝዘው ማውሱን ያዘ። ጥላውን ትንሽ ማቅለል፣ ለሰው ሁሉ የምታደርገው ነው። እጇን መልሳ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

ስልኳ ጠራ።

«እማዬ፣ ደረሰሽ?»

«ደረሰኝ፣ የኔ ዓለም።»

«በሞቴ እውነቱን ንገሪኝ፤ ተጎሳቁያለሁ አይደል?»

«ምሳሽን በላሽ?»

«እማዬ! የጠየቅኩሽ እሱን አይደለም።»

«ቆዪ ልጄ፣ ደንበኛ መጣብኝ» አለች።

አለቃዋ ቀና ብሎ ዙሪያውን አየ። ቤቱ ውስጥ ከሁለቱ በቀር ማንም አልነበረም።