በእማዬ ጥለት የተጠቀለለው ክራንች

የባለቤቴ አርባ ካለፈ በኋላ ልብሶቹን ልለይ ብዬ ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ፈቀቅ ሳደርግ ከኋላው አንድ የእንጨት ክራንች አገኘሁ። አቧራውን በመዳፌ ጠረግኩት። ብብት ሥር የሚገባው በኩል በጨርቅ ተጠቅልሏል። ጨርቁ የእማዬ የክት ነጠላ ጥለት ነው፤ አረንጓዴና ወርቃማ ነበር፣ አሁን ሁለቱም አመድ መስለዋል። ክራንቹ የታላቅ እህቴ የሰናይት ነው፣ የመጀመሪያው። የተሻለ ስታገኝ እኔ ቤት ጥላው ሄደች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ጭኔ ላይ አጋደምኩት፤ የዚያን ቀን አንድም ልብስ ሳልለይ መሸ።

ልጅ ሆነን ካዛንቺስ ውስጥ መኪና የማይገባበት ቅያስ ጥግ ነበር የምንኖረው። በክረምት ግቢው እርጥብ ቆርቆሮና ላምባ ይሸታል። አባዬ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር፣ በሥራ ቀን ከረባት ሳያስር የማይወጣ። እማዬ በራችን ላይ ባለች ጠባብ ሱቅ ሳሙናና ክብሪት ትሸጣለች። ሁለቱም ከትግራይ የመጡ ናቸው። ከእኛ ጋር አማርኛ ያወራሉ፤ የሚደበቅ ነገር ሲኖር ግን፣ የሰው ሞት ይሁን የጎረቤት ጉድ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ትግርኛ ይገባሉ። ሁልጊዜ በአማርኛ ስለምንመልስላቸው የማንሰማ ይመስላቸው ነበር። እኔ በእርግጥ ግማሹን ነበር የምሰማው። ያ ግማሽ ደግሞ ጨርሶ ካለመስማት ይብሳል፤ የቀረውን ሰው በራሱ ፍርሃት ይሞላዋል።

ሰናይት አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር፣ እኔ አሥር። በሱዚ ሰፈራችን ውስጥ የሚደርስባት አልነበረም። ላስቲኩ አንገት ድረስ ከፍ ሲል ሌሎቹ ሲወጡ እሷ ቀሚሷን ሰብስባ በግራ እግሯ ትቀልበዋለች። አንድ ቀን ዘላ ስታርፍ ጉልበቷን ይዛ ተቀመጠች። እማዬ ውልቃት ነው ብላ ላንቻ ያለ ወጌሻ ጋ ወሰደቻት። እሱም በቅቤ አሸት፣ ጎተት አድርጎ ሸኛት። ደጋግመው ሄዱ። ጉልበቷ ግን በታሸ ቁጥር እያበጠ፣ ቆዳዋ እየተወጠረና እያበራ መጣ። በመጨረሻ አባዬ ሐኪም ቤት ወሰዳት።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሌላ ሆነ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት በእንቁላሉ ነው። ጠዋት ጠዋት አንድ የተቀቀለ እንቁላል ይመጣል፤ ለሰናይት ብቻ። ከዚያ ብርቱካን መጣ። እኛ ሰፈር ለጤነኛ ሰው ብርቱካን ይዞ የሚመጣ የለም። ጎረቤቶች «እንዲያው ለልጆቹ ነው» እያሉ ፌስታሉን ለእማዬ ያቀብላሉ፣ ሰናይትን ግን በቀጥታ አያዩዋትም። አባዬ ከሥራ በጊዜ መግባት ጀመረ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰናይትን የሚቆጣ ሰው ጠፋ። ሰሃን ብትሰብር «ይሁን የኔ ልጅ» ትባላለች። እማዬ በሰሃን ይሁን የማትል ሴት ነበረች።

ስለዚህ ሰላይ ሆንኩ። ጫማ የማስር መስዬ በር ሥር እጎነበሳለሁ፤ አጥር ላይ ልብስ ላሰጣ እወጣና ልብሱን እንደያዝኩ እቆማለሁ። የያዝኩት ቃል ትንሽ ነበር። «እግሪ»፣ «ሓሙስ»፣ ደግሞም ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ «ከይትሰምዕ»። እንዳትሰማ ማለት ነው። እንዳትሰማ የተባለችው ሰናይት ትሁን እኔ አላውቅም ነበር።

አንድ ከሰዓት አልጋ ላይ ተኝታ ሳለ ጠጋ ብዬ «አንቺ፣ ምንድን ነው የሚደብቁን?» አልኳት።

«እንቁላል ነዋ» አለችኝ ፊቷን ሳታዞር። «አንቺ እንዳታገኚው ነው።»

«የምሬን እኮ ነው!»

«እኔም የምሬን ነው። አስኳሉን እንኳ አስቀርቼልሽ አላውቅም።»

ያን ቀን እሷንም ጠረጠርኳት። ጉልበቷ የብርቱካን ፌስታል አክሏል፣ ጠዋትና ማታ ጠበል ትጠጣለች፣ ሰው ሁሉ ዙሪያዋ ይንሾካሾካል፤ እሷ ግን አንድም ቀን «ምን ሆኜ ነው?» ብላ ጠይቃ አታውቅም። የማይጠይቅ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ።

ሁሉም የወጣው እራት ላይ ነው። ገበታው ዙሪያ አራታችን ነበርን። አባዬ ጎንበስ እንዳለ በትግርኛ ጀመረ። እማዬ አቋረጠችው፣ ድምፅዋ ተሰበረ፣ አሁንም «ከይትሰምዕ» አለች። ሰናይት የጠቀለለችውን ጉርሻ ሰሃኑ ዳር ላይ አስቀመጠች።

«እግረይ እዩ» አለች። «ንዓይ ንገሩኒ።»

እግሩ የኔ ነው፣ ለኔ ንገሩኝ። እንደ እናታችን አድርጋ ነበር ያለችው፣ ዓረፍተ ነገሩ እንከን የለበትም። በዕድሜዋ ሙሉ አንዲት የትግርኛ ቃል ከአፏ ወጥታ አታውቅም ነበር። እማዬ እጇ መሶቡ ላይ እንዳለ ቀረ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምትሰሚው?» አለ አባዬ በአማርኛ።

«ሁሌም ነው፣ አባዬ። ሐሙስ እግሬን ሊቆርጡት ነው። እናንተ ደግሞ ከጉልበትሽ ውሃ ሊቀዱልሽ ነው ብላችሁ ልትወስዱኝ ነው። ስነቃ ላጣው ነው።»

እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ማልቀስ ጀመረች። «ስትሰሚ ትሞችብኛለሽ ብዬ እኮ ነው» አለች። ዛሬ ይህ ለብዙ ሰው ሞኝነት ይመስለዋል። ያኔ ግን ለታማሚ በሽታውን መንገር እንደ መግደል ነበር የሚቆጠረው፤ ልጁን የሚወድ ወላጅ ሁሉ እንዲያ ነበር የሚያደርገው።

አባዬ ተነስቶ ከነሥራ ልብሱ መሬት ላይ አጠገቧ ተቀመጠ። በሽታው የአጥንት ካንሰር እንደሆነ ነገራት። እኛ ቤት ውስጥ ያ ቃል ሲጠራ የመጀመሪያው ነበር።

«ካልተቆረጠስ?» አለችው።

«ካልተቆረጠ ይዞሽ ይሄዳል።»

ጉልበቷን በመዳፏ ሸፈነችው። ከዚያ «እንግዲያው እሱ ይሂድ» አለች። «ግን ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት የሚንሾካሾክ ሰው እንዳይኖር። በሁለቱም ቋንቋ።»

ረቡዕ ዕለት ሙቅ ውሃ አስቀርባ ግራ እግሯን አጠበች። ቀጥላ ከጎረቤት ቀይ ኩቴክስ አስመጣች። እማዬ ኩቴክስ በቤቷ ደጃፍ እንዲያልፍ የማትፈቅድ ሴት ነበረች። ሰናይት «አምሮ ይሂድ» ስትላት ግን ብልቃጡን ተቀብላ ከፈተችው፤ አምስቱንም ጥፍር ራሷ ቀባችላት። ቀለሙ ቆዳዋ ላይ ፈሰሰ። ሰናይት ሳቀች፣ «እማዬ፣ ጣቴን ነው ወይስ ጥፍሬን?» አለች። እማዬም ሳቀች፣ ሳቁ መሃል ላይ አለቀሰች። የኩቴክሱ ሽታ ዛሬም ሲያጋጥመኝ ጉልበቴን እይዛለሁ።

ከሐሙስ በኋላ የነበረው ረጅም ነው፤ ኬሞው፣ ማስመለሱ፣ ትራስ ላይ የሚቀረው ፀጉር። በቅያሳችን ታክሲ ስለማይገባ አባዬ ከረባቱን እንዳሰረ አዝሏት እስከ አስፋልቱ ይወጣ ነበር። ሸሚዙ ደረቱ ላይ እስኪጣበቅ ያልበው ነበር። የሰፈር ጎረምሶች በመጀመሪያዎቹ ቀናት መሬት መሬት ያዩ ነበር። አንድ ቀን ግን አንዱ መቻል አቃተው፣ «ጋሼ፣ ስታዲየም ነው? አንድ ሰው!» አለ። ጓደኞቹ በድንጋጤ አፉን ሊይዙት ተነሱ። ሰናይት ከአባዬ ጀርባ ላይ ሻሿን አስተካክላ «ሞልቷል! የሚቀጥለውን ጠብቅ!» ብላ ጮኸችበት። አባዬ በሳቅ ሊጥላት ምንም አልቀረው። ከዚያ ቀን ወዲህ የሚያያት ሰው በቀጥታ ያያት ጀመር፤ ክራንቹ ሲመጣም ብብቷን እንዳይልጣት እማዬ የክት ነጠላዋን ጥለት ቀድዳ ጠቀለለችበት።

ሰናይት ኖረች። ሐኪሞቹ ራሳቸው ብዙ ተስፋ አልሰጡን ነበር። ዛሬ እዚሁ አዲስ አበባ ቡልጋሪያ ሰፈር የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ አላት፤ ከደብተር ይልቅ ወሬ ትሸጣለች እያልኩ እቀልድባታለሁ።

ባለቤቴ የታመመ ጊዜ፣ ውጤቱ የመጣ ዕለት፣ ታላቅ ወንድሙ ኮሪደር ላይ ክንዴን ይዞ ጥግ አስያዘኝ። «እሱ እንዳይሰማ። ጨጓራ ነው እንበለው» አለኝ። ከስንት ዓመት በኋላ ያችኑ ቃል በአማርኛ ሰማኋት። ስገባ ሰናይት አልጋው አጠገብ ብርቱካን እየላጠችለት ነበር። ፊቴን አየች። ተነስታ በሩን ዘጋችና ጀርባዋን በሩ ላይ አስደግፋ ቆመች፣ ማንም እንዳይገባ። እውነቱን ነገርኩት። ብርቱካኑን አላምጦ ዋጠና «እኔ እኮ ውጪ ስትንሾካሾኩ ስለ በግ ዋጋ አልመሰለኝም» አለኝ። ከዚያ እጄን ያዘ። የቀሩን ወራት ጥቂት ነበሩ፣ ግን አልተዋሸንባቸውም። ወንድሙ እስከ ዛሬ በሙሉ ዓይኑ አያየኝም። ተስፋውን የቀማሁት እኔ ነኝ ብሎ የሚያስብ ይመስለኛል፤ ጠይቄው አላውቅም።

ያደግንበት ቅያስ አሁን የለም፤ ፎቅ በቅሎበታል። ታክሲ በር ድረስ ይገባል፣ የሚታዘልም የለም። መንሾካሾኩ ግን አልፈረሰም። ያኔ ወደ ትግርኛ ይገባ ነበር፣ አሁን ስልኩን ይዞ በረንዳ ይወጣል። ትናንት ሊጠይቁኝ የመጡ ዘመዶች ሳሎን ተቀምጠው ስለ ባለቤቴ የመጨረሻ ቀናት ሲያወሩ ልጃችን ሊዲያ በሩ ላይ ብቅ አለች። ሁሉም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ልጄ ጎንበስ ብላ የታሰረ ጫማዋን መልሳ ማሰር ጀመረች።

«ሊዲያ» አልኳት፣ «ጫማሽን ተይውና ነይ እዚህ ተቀመጪ።» አጠገቤ ቦታ ለቀቅኩላት። ከዚያ ወደ ዘመዶቹ ዞርኩ፣ «ቀጥሉ» አልኳቸው፣ «ጮክ ብላችሁ።»