የአጅባር መኪና

የናፍጣ ሽታ ከአቧራማ ሸራ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ሲሸተኝ፣ ዛሬም ድረስ አክስቴ ዘሃራ ከጅዳ ለአንድ ወር መጥታ፣ እኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆኜ አብሬያት አገር ያዳረስኩበት በጋ ትዝ ይለኛል።

አክስቴ የእናቴ ታናሽ ናት። ዘጠኝ ዓመት በሰው አገር ሠርታ ስትመለስ ባደገችበት ምድር እንግዳ ሆና ነበር። ጎማ ያለው ሻንጣዋ በመካነ ሰላም ኮረኮንች ላይ አልሄድ እያለን ለሁለት ተሸክመነው መናኸሪያ እንደርስ ነበር። የሚኒባሱን ረዳት «ስንት ሰዓት ነው የምትነሱት?» ብላ ስትጠይቀው፣ እሱ ሳቅ ብሎ «ሲሞላ ነዋ!» ይላት ነበር። መኪና ገና ሳይንቀሳቀስ ያቅለሸልሻት ስለነበር እናቴ እኔን አስከትላ ትልካት ነበር። ወረኢሉ ዘመድ ልንጠይቅ ስንሄድም ወንበር የያዝኩላት፣ ሾፌር ያናገርኩላት እኔ ነበርኩ፣ በዚህም እኮራ ነበር።

ከሁሉ አብልጣ የናፈቀቻቸው ግን አጅባር አጠገብ የሚኖሩት እማማ ተዋበች ነበሩ። አያቴ አክስቴን ወልዳ በአራስ ቤት ስትሞት፣ ያን ጊዜ ጎረቤት የነበሩት እማማ ተዋበች ከልጃቸው ጋር አጥብተው፣ ራሳቸው ክርስቲያን ሆነው ሳለ ለእሷ የሚሆነውን ሥጋ በሙስሊም እያሳረዱ አሳድገዋታል።

ጥር ሲጋመስ፣ አክስቴ ልትመለስ አራት ቀን ሲቀራት፣ ቅዳሜ እንደምንመጣ በገበያተኛ ልካባቸው በጠዋት ተነሳን። መገንጠያው ላይ ወርደን መኪና መቀየር ነበረብን። አክስቴ በመንገድ ስታስመልስ መጥታ ስለደከማት ሻይ ቤት አግዳሚ ላይ ጋደም አለችና «የአጅባር መኪና እንዳለ ጠይቂልኝ፣ የኔ እናት» አለችኝ።

አንድ አይሱዙ ቆሞ ነበር። ስለ አክስቴ ስነግረው ሾፌሩ «መነሳታችን ነው፣ ጋቢና ባዶ ነው፣ ቶሎ ጥሪያት» አለኝ።

በማግስቱ ግን መካነ ሰላም ላይ የጓደኛዬ የሰዓዳ እህት ሰርግ ነበር፣ አክስቴ ያመጣችልኝን ቀይ ጫማ አድርጌ ልታይበት ቀን ስቆጥርለት የከረምኩት ሰርግ። አጅባር ከሄድን እንደማንደርስበት አውቅ ነበር።

«የለም» አልኳት ተመልሼ። «የገበያ ቀን ካልሆነ አይገባም አሉ።»

«ወላሂ በይ?»

«ወላሂ።»

አይሱዙው ጥሩምባውን እየነፋ በፊታችን ሲያልፍ ወዴት እንደሚሄድ እንኳ አልጠየቀችኝም። ለእማማ ተዋበች የያዘችላቸውን ሻል ለሻይ ቤቷ ባለቤት አደራ ሰጥታ፣ ፊቷን ወደ መኪናው መስኮት አዙራ እያለቀሰች ተመለስን። እኔ ሰርጉ ላይ ስጨፍር ዋልኩ፣ እሷ ረቡዕ ሄደች።

በልግ ገብቶ ዝናቡ ሲጀምር አንድ የአጅባር ነጋዴ ቤታችን መጣ። ሻሉ ደርሷቸዋል። እማማ ተዋበች ግን ያን ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ መንገድ ዳር ተቀምጠው፣ ከሚቆመው መኪና ሁሉ የሚወርደውን ሲያዩ ውለው፣ ሲመሽ ሰው ደግፎ እንዳስገባቸው ለእናቴ ነገራት። «ምን ታድርግ፣ መኪና አጥታ እኮ ነው» አለችው እናቴ። እኔ ለነጋዴው ውኃ ላመጣ ወጣሁ። ክረምቱ ሳይወጣ እማማ ተዋበች አረፉ።

ዛሬ ወደ አጅባር የሚሄድ መኪና እንደ ያኔው ብርቅ አይደለም፣ የሚመጣ ሰው ቢቀርም በስልክ ይነገራል እንጂ ማንም መንገድ ዳር አይውልም። አክስቴም ጠቅልላ ገብታ ከእኔ ጋር ትኖራለች። የእማማ ተዋበች ነገር በተነሳ ቁጥር ለእንግዶቿ «ያን ዕለት መኪና ጠፋ እኮ! ይህቺ ልጅ ምስክሬ ናት» ትላለች፣ ወደ እኔ ዞራም ታየኛለች። ያኔ የዋሸሁት ለአንድ ቀን ሰርግ ብዬ ነበር። ዛሬ ለምን ብዬ እንደምዋሽ አላውቀውም፣ ብቻ «አዎ፣ አልነበረም» እላታለሁ።