የኬብሉ ሌላ ጫፍ

አጎታችን፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ በጅማ ዙሪያ ባሉ የቡና መጋዘኖች የሚዛኑን ተርሚናል ከሞደም ጋር የሚያገናኙ ኬብሎችን ይጠግኑ ነበር። መስመር ሲጠፋ ሰው ሁሉ ሞደሙን ይወቅሳል። እሳቸው ግን መጀመሪያ ኬብሉን ነቅለው፣ «የአንዱ መናገሪያ ሽቦ ወደ ሌላው መስሚያ ነው የሚሄደው። ሁለቱም በአንድ ሽቦ ካወሩ ማን ይሰማል?» ይሉ ነበር።

እኔና እህቴ ዘይነባ አብረናቸው እንሠራ ነበር። ረጅም ኬብል ሲፈተሽ ግን ወዲያኛውን ጫፍ የምትይዘው ሁልጊዜ እሷ ነበረች፤ እኔ ዕቃ አቀብላለሁ። የልጆች እናት ከሆንኩ በኋላም ቅናቱ አልለቀቀኝም።

ባለፈው ዓመት ሰኮሩ ባለ መጋዘን፣ «አጎቴ፣ ዛሬ እኔ ልያዝልዎት» አልኳቸው።

«ኮቱ፣ ነዪ ያዢ» አሉኝ። «እሷ ጠይቃኝ ነው የያዘችው። አንቺ ዝም ብለሽ እኔ በምን ልወቅ፣ ጠንቋይ ነኝ?»

ያን ቀን ከወዲያኛው ክፍል «ንኪ» ሲሉኝ ሽቦውን ከሽቦ እያነካካሁ፣ እሳቸው የተቋረጠውን በመለኪያ ሲለዩ ዋልን። አልሐምዱሊላህ፣ አንድ ቀን ደረሰኝ። ዘይነባ ግን ብዙ ቀን አላት፤ ዛሬም እቀናባታለሁ።

ሰሞኑን ያለ እሳቸው የመጀመሪያውን ኬብል ፈተሽን። ጫፍና ጫፉን ይዘን፣ ሁለታችንም «ንኪ» የሚለውን ድምፃቸውን ስንጠብቅ ቆየን።

በመጨረሻ «ንኪ» ብዬ እኔ ተናገርኩ።