ማብራሪያ ያልተጻፈለት ሃምሳ

በስድሳዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ውጤት በሚያወጣ መሥሪያ ቤት ለኮምፒዩተር ፕሮግራም እጽፍ ነበር። ማሽኑ አንድ ክፍል ሙሉ ይዞ ይቀመጣል እንጂ ትእዛዝና ቁጥር የሚያኖርበት ቦታ እጅግ ጥቂት ነበር። ስለዚህ ትእዛዝ ስናሳጥር እንውላለን። ያሳጠረ ይመሰገናል፤ የተጻፈው ለሌላ ሰው ይነበብ አይነበብ የሚጠይቅ አልነበረም።

እኔ ደግሞ ቡሬ ቅኔ ቤት የቆየሁ ሰው ነኝ። በሁለት ቃል ሦስት ነገር የሚል ተማሪ ሲደነቅ እያየሁ ስላደግሁ ያሉትን ማብራራት ነውር ይመስለኝ ነበር። የኔታ ራሳቸው ቅኔውን ፈትተው ይነግሩን እንደነበር እንዴት እንደረሳሁት አላውቅም።

ማሽኑ የተማሪው ነጥብ በቀዳዳ የተመዘገበበትን ካርድ እንዲያነብ የሚታዘዝበት ቁጥር ሃምሳ ነው። የማለፊያ ነጥቡም ሃምሳ ነው። እያንዳንዱ አሃዝ አንድ ቦታ ይይዛል፤ ታዲያ ሃምሳን ሁለት ጊዜ ምን አስቀመጠኝ? ማለፊያውን ለብቻው ሳላስቀምጥ ከካርድ ማንበቢያው ትእዛዝ ቁጥር ላይ እንዲያነብ አደረግሁት። ያን ቀን ራሴን እንዴት እንደወደድሁት ሳስበው ዛሬም አፍራለሁ። ፕሮግራሙን በጻፍሁበት ወረቀት ዳር አንድ መስመር ማብራሪያ ብጽፍ ማሽኑ ውስጥ ቅንጣት ቦታ አይወስድም ነበር፤ ያልገባው ይጠይቀኝ ብዬ ተውሁት።

በዓመቱ ወደ ሌላ ክፍል ተዛወርሁ። የተካኝ ባልደረባዬ ካርድ በፍጥነት የሚያነብ ትእዛዝ አገኘና አሮጌውን ለወጠው። የአዲሱ ቁጥር ሃምሳ ስምንት ነበር። እኔን አልጠየቀኝም፤ የሚጠየቅ ነገር መኖሩን በምን ያውቃል?

በዚያው ዓመት ታናሽ እህቴ ፍኖተ ሰላም ተፈትናለች። አባታችን ከጅጋ ለመጡ የጋብቻ ሽማግሎች «ካለፈች ትማር፤ ከወደቀች የእናንተ ናት» ብለው ቀጠሮ ሰጥተዋቸው ነበር። ለመስቀል አገሬ ስገባ ሽማግሎቹ ቃል ተቀብለው ሄደዋል።

ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ውጤት አነበብሁ። እህቴ ሃምሳ አራት፤ ወድቃለች። ሃምሳ ሰባት ያመጣም ወድቋል። ከጎኔ የቆሙ አንድ መምህር «ዘንድሮ ማለፊያውን ከፍ አድርገውታል መሰል» አሉ። እኔ ግን ገባኝ፤ የካርድ ማንበቢያው ትእዛዝ ተለውጧል።

ስልክ ቤት ሄጄ አዲስ አበባ ያለውን ባልደረባዬን በስልክ አገኘሁትና ሃምሳውን በምን እንደለወጠው ጠየቅሁት።

«ሃምሳ ስምንት ካርድ ማንበቢያ እኮ ነው፤ ምን አጠፋሁ?» አለኝ።

«ማለፊያ ነጥብም ነው።»

«ይህን የት ጽፈኸዋል?» ሲል ጠየቀኝ።

«አልጻፍሁትም» አልሁት።

የታረመው ውጤት በሁለት ሳምንቱ መጣ። እህቴ አልፋለች። ወረቀቱን ይዤ አባቴ ፊት ቆምሁና ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ተናገርሁ።

«ማሽንህ ቃሉን ይለውጥ፤ እኔ ለሽማግሌ የሰጠሁትን ቃል አላጥፍም» አሉኝ።

ለመንሁ፣ አለቀስሁ፣ የንስሐ አባታቸውን ላክሁባቸው። በጥር ተዳረች።

ውጤቷ በማን እጅ እንደተበላሸ እስከዚያ አልነገርኋትም ነበር። ከሠርጉ በኋላ ጅጋ ድረስ ሄጄ ሁሉንም አወራኋት። ምስር እየለቀመች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ወንድም ጋሼ፣ እንዲያ ቢያደርጉት ስንት ቦታ ተረፈልዎ?»

«ሁለት» አልኋት።

«ከስንት?»

«ከአራት ሺህ።»

ቀና ብላ አየችኝና ምስሯን መልቀም ቀጠለች።