ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ

ሸዋ ሮቢት የታሰርኩበት ቤት ጣሊያን ከመግባቱ በፊት የማሽላ ማከማቻ ነበር። መስኮት የለውም። ከረፋድ ጀምሮ ቆርቆሮው አናት ያቃጥላል።

ጣሊያኖች የያዙኝ ልጃገረዶችን ከማስተምርበት ዛፍ ሥር ነው። ልጆቹ ለአርበኞች መልእክት ያደርሳሉ ተብሎ ነበር። ያድርሱ አያድርሱ ዛሬም አልናገርም። የተፈለግሁት ግን እኔ አልነበርኩም፤ ላኪያቸው ናቸው የተባሉት የኔታ ነበሩ። የኔታ የሚባሉት የእኅቴ ባል መሪጌታው ናቸው። ፊደል የማስቆጥረው፣ ዳዊት የማስደግመው እኔ ብሆንም ወላጆች እህሉን የሚሰፍሩት ለእሳቸው ነበር። ሴት የኔታ ትባላለች ብሎ ያሰበ የለም፤ እኔም ብሆን።

«መሪጌታው የተደበቁበትን ንገሪና ወደ ቤትሽ ሂጂ» አለኝ የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ። ከተያዙ እንደሚሰቀሉ አውቃለሁ። አልነገርኩትም።

በማግስቱ አንዲት ሴት አስገቡብኝ። አጣዬ ገበያ ጨው ስትሸጥ እንደተያዘች ነገረችኝ። እኔ ለምኜ የተከለከልኩትን ውሃ እሷ ሳትጠይቅ በቅል ሰጧት። ጸጉሯ ገና የተቀባ ቅቤ ይሸታል። በልቤ አማተብኩ።

«እትዬ፣ ለመሆኑ የኔታችሁ ደኅና ናቸው?»

«ልጆቹን የማስቆጥረው እኔ ነኝ።»

ሳቀች። «አንቱማ የልጆቹን ንፍጥ የሚጠርጉ ነዎት አሉ።»

«ማን አለሽ?»

ነጠላዋን ማስተካከል ጀመረች። ያየችውን ሁሉ ለአስተርጓሚው እንደምታደርስ ያን ጊዜ ገባኝ። ታዲያ የምታደርሰውን እኔ ልስጣት ብዬ፣ «ነይ፣ ቁጭ በይ» አልኳት።

አቧራው ላይ በጣቴ ፊደል ጻፍኩ። ሀሁን ከሰው ሰምታ ኖሮ በቃሏ አወረደችው። አቡጊዳውን አመጣሁባት፤ በቃሉ የያዘ ሁሉ የሚጋለጠው እዚያ ነው። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ። ተሳሳተች፣ መለስኳት። ደግማ ተሳሳተች፣ ደግሜ መለስኳት። ጠባቂው በበሩ ስንጥቅ እያየ ነው። ላቡ በዐይኗ ሲገባ እንኳ አልለቀቅኋትም።

«አይደክምዎትም እንዴ?» አለችኝ አመሻሽ ላይ።

«ሥራዬ ነው።»

ሲነጋ አስተርጓሚው ጠርቶ አነጋገራት። ተመልሶም፣ «ለካ የኔታዋ አንቺ ነሽ?» አለኝ እያሾፈ።

«ነኝ» አልኩ። «የኔታን ግን አንቺ አይሏቸውም።»

በጥፊ መታኝ። መሪጌታውን መፈለጉ ግን በዚያው ቀረ። እኔን በካሚዮን ጭነው ወደዚህ ሩቅ አገር ሰደዱኝ፤ ጣሊያን ሲወጣም እግሬ ከዚህ አልተነሣም።

ሰሞኑን ከአገሬ ከይፋት የመጣ ነጋዴ ቤተ ክርስቲያን ደጅ አገኘሁ። የማን ልጅ እንደሆነ ሳላጣራ ስሜን አልነገርኩትም። እናቱ ካስተማርኳቸው ልጆች አንዷ ናት፤ ዛሬም ዳዊት ትደግማለች።

«ማን አስተማራት?» አልኩት።

«መሪጌታው ናቸዋ፣ ነፍሳቸውን ይማርና። በአልጋቸው ነው ያረፉ።»

«እኔ ነኝ ያስተማርኳት።»

በአክብሮት ፈገግ አለ፤ አሮጊት ስታወራ የሚሰማ ሰው ዓይነት ፈገግታ። አልፈረድኩበትም። እስከ ዛሬ ይህን ነግሬው ያመነኝ ያ አስተርጓሚ ብቻ ነው።