ቅዳሜን አትጠብቅ

ሥራዬ ኦስሎ መሃል ከተማ፣ ሴንትሩም ባለ አንድ የስብሰባ ሕንጻ ውስጥ ማጽዳትና ሻይ ማቅረብ ነው። ስቀጠር የሰማሁትን ለማንም እንዳልናገር ፈርሜያለሁ። ምን ይሰማል ብዬ ነበር የፈረምኩት፤ ኖርዌጂያኖቹ የሚያወሩት ስለ በጀትና ስለ አየር ጠባይ ነው።

በዚያ ሳምንት ግን የደቡብ ሱዳን ሰዎች መጡ። አገራቸው ነጻ ከወጣች ወዲህ ሥልጣን መካፈል አቅቷቸው፣ የጋራ መንግሥት ለማቋቋም ኦስሎ ድረስ መምጣታቸው ነበር። ጦሩን ማን ይዘዝ፣ ነዳጁን ማን ይያዝ እያሉ ሦስት ቀን ሙሉ በእንግሊዝኛ ተጨቃጨቁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጉዳዬም አይደል። ታናሽ ወንድሜ ግን ጁባ የውኃ ቦቴ ይነዳል። ድምፃቸው ከፍ ባለ ቁጥር ስኒ የምሰበስብ መስዬ ጆሮዬን አቆም ነበር።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ሌሎቹ ለዕረፍት ሲወጡ ሁለት ሰዎች ቀሩ። አንዱ ከመንግሥት ወገን የሆነ ባለ መነጽር ሽማግሌ ነው፤ ሌላው ከተቃዋሚው ወገን፣ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ረጅም ሰው። ጠዋት ሲጯጯሁ የነበሩት እነሱው ናቸው። ስኒ ልሰበስብ ገባሁ። ሽማግሌው ወደ ረጅሙ ጠጋ ብሎ፣ በጠራ አማርኛ፣

"ልጆችህን ከጁባ አውጣ" አለው። "ቅዳሜን አትጠብቅ።"

ሁለቱም በስደት ኢትዮጵያ ውስጥ ማደጋቸውን የሰማሁት በኋላ ነው። እዚህ አማርኛ የሚያውቅ የለም ብለው መሆኑ ነው። በዚህ ከተማ መጥረጊያ የያዘው ስንቱ አበሻ እንደሆነ ማን ይንገራቸው! ለነገሩ ስኒ የሚሰበስብ ሰው ፊት ማን ያያል።

ስኒውን እንዳለ ትቼ ወጣሁ። የጽዳት ዕቃ ማስቀመጫው ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁና ወንድሜ ጋ ደወልኩ። የፈረምኩት ወረቀት ትዝ ብሎኛል። ያባርሩኝ!

"ዛሬውኑ ውጣ" አልኩት።

"እትዬ ደግሞ ጀመረሽ!" ብሎ ሳቀ። "ሬዲዮው ነገ ይፈራረማሉ እያለ፣ ሰዉም እየጨፈረ ነው።"

"ሬዲዮው ውሸቱን ነው።"

"ማን ነገረሽ?"

"በእናታችን አጥንት ይዤሃለሁ፣ ውጣ!" አልኩት። እንዲህ ብዬ ቀልጄ እንደማላውቅ ያውቃል። ሳቁን ተወ።

አርብ ጠዋት ስልኩ አይሠራም። ቤቴ ካለበት ከቬስትሊ እስከ ሴንትሩም ባቡሩ በቆመበት ጣቢያ ሁሉ ደወልኩ። ከጎኔ የተቀመጡት ሰዎች መጽሐፋቸውን ያነባሉ። እኔ ግን ያንኑ ቁጥር ደግሜ ደጋግሜ እጫናለሁ። ሥራ ስገባ ካሜራ ተደርድሮ ሰዎቹ እየተጨባበጡ ፎቶ ይነሳሉ። ሽማግሌውና ረጅሙ ጎን ለጎን ቆመው ይስቃሉ። ያ ሳቅ ከጩኸታቸው የበለጠ አስፈራኝ።

ሻይ እያፈላሁ መልእክት ገባ። "ትላንት ማታ ኡጋንዳ ገብቻለሁ። ቦቴውን ጥዬ ነው የመጣሁት። ቅዳሜ ምንም ካልተፈጠረ ጉድሽ ነው!" ይላል። ማንቆርቆሪያው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ፎቶው ካበቃ በኋላ ረጅሙ ሰው ብቻውን መስኮቱ ጋ ቆሞ አገኘሁት። ሻዩን አቀረብኩለትና ዝም ልበል ብል አፌ እምቢ አለኝ።

"ስኳር ልጨምርልዎት?" አልኩት፣ በአማርኛ።

ስኒው እጁ ላይ ቀረ። ፊቱ ላይ ያየሁት ቁጣ አልነበረም፤ እንደኔው ፈርቷል።

"ትላንት ሰምተሻል" አለ።

"ሰምቻለሁ። ወንድሜ ጁባ ነበር፣ ወጥቷል። የእርስዎ ልጆችስ?"

በሩን ገልመጥ አደረገ። "የኔ ልጆች ከወጡ፣ ጦርነት መምጣቱን አገሩ ሁሉ ያውቃል። ያኔ ጦርነቱ ቅዳሜንም አይጠብቅም።"

ስኒዬን ሰብስቤ ልወጣ ስል ጠራኝ።

"እህቴ፣ ወንድምሽ በየት በኩል ወጣ?"

በኡጋንዳ በኩል እንደሆነ ነገርኩት።

"መንገዱ ክፍት ነው?"

"ትላንት ክፍት ነበር" አልኩት።